የኦክስጅን ሴንሰር በየትኛው ቁልፍ ይፈታ?

በሰሜን ሸዋ ደጋ የሚገኘው ቀየት ከባሕር ወለል በላይ ወደ 3000 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ የተዘረጋ አገር ነው። ነፋሱ ብርቱ፣ ሌሊቱ ውርጫማ፣ መንገዱም ዳገትና ቁልቁለት የበዛበት ነው። እንዲህ ባለው አገር መኪና የቅንጦት ዕቃ አይደለም። በሽተኛ ወደ ሆስፒታል የሚደርሰው፣ እህልና በግ ወደ ገበያ የሚወጣው፣ ተማሪም ከቤተሰቡ ተለይቶ ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚሄደው በመኪና ነው። ስለዚህም አንድ መኪና ሲቆም አብሮት የሚቆመው ጉዳይ ብዙ ነው።

ከዚያው አካባቢ መጥታ በአንድ ጋራዥ ውስጥ የቆመች አነስተኛ የቤንዚን መኪና ለማየት አጋጣሚ አግኝተን ነበር። የሞተሯ ማስጠንቀቂያ መብራት ከበራ ሰንብቷል፤ የቤንዚን ፍጆታዋ ጨምሯል፤ ጭሷም ዓይን ያቃጥላል። በምርመራው የኦክስጅን ሴንሰሯ መበላሸቱ ስለታወቀ ባለቤቱ አዲስ ሴንሰር ከአዲስ አበባ አስመጡ። እስከዚህ ድረስ ነገሩ ሁሉ መልካም ነበር። ይሁን እንጂ መካኒኩ ለዚህ ሥራ የሚሆን ቁልፍ አልነበራቸውም። በእንግሊዝ ቁልፍ ሞከሩ፤ የሴንሰሩ ማዕዘን ተላጠ። በቧንቧ ቁልፍ ሞከሩ፤ ገላው ተጣመመ። በመጨረሻም በመሮና በመዶሻ መቱት። ሴንሰሩ ወጣ፤ ነገር ግን የተሰካበትን የብረት ጥርስ ጭምር ገሽልጦ ወጣ። በግማሽ ሰዓት ማለቅ የሚገባው ሥራ የጭስ መሰብሰቢያውን ከሞተሩ አውርዶ ወደ ብረት ቀራጭ እስከ መላክ ደረሰ፤ መኪናዋም ቀናት ሙሉ ቆመች።

ስሕተቱ ከመካኒኩ የሙያ ማነስ የመጣ ነበር ብለን አናምንም። ጆሯቸው ሞተርን ያውቃል፤ እጃቸውም የሠለጠነ ነው። የጎደላቸው ዋጋው ከሴንሰሩ ዋጋ የሚያንስ አንድ ቁልፍ፣ ከቁልፉም ጋር አብሮ መሰጠት የነበረበት ጥቂት የፊዚክስ ዕውቀት ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንከራከርለት ሐሳብም ይኸው ነው፦ መሣሪያን መምረጥ የገበያ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የሳይንስ ጉዳይ ነው። በመሆኑም ለጋራዡ ብቻ ሊተው አይገባም፤ የትምህርት ቤትና የዩኒቨርሲቲም ሥራ ነው።

ለመሆኑ የኦክስጅን ሴንሰር ምንድን ነው?

እንደሚታወቀው የቤንዚን ሞተር ኃይል የሚያገኘው አየርና ቤንዚን ቀላቅሎ በማቃጠል ነው። ለ1 ኪሎ ግራም ቤንዚን ሙሉ በሙሉ መቃጠል ወደ 14.7 ኪሎ ግራም አየር ያስፈልጋል። ቤንዚኑ ከዚህ ምጣኔ ሲበዛ ያልተቃጠለ ነዳጅና መርዛማው ካርቦን ሞኖክሳይድ በጭሱ ይወጣሉ፤ አየሩ ሲበዛ ደግሞ ሞተሩ ይደክማል፤ ጎጂ የናይትሮጅን ኦክሳይዶችን የሚያጣራው የጭስ ማጣሪያም ሥራውን በሚገባ መሥራት ይሳነዋል። ምጣኔው በትክክል መጠበቁን ለማወቅ ጭሱን «መቅመስ» ያስፈልጋል። ይህን የሚያደርገው መሣሪያ የኦክስጅን ሴንሰር ነው። የጀርመኑ ቦሽ ኩባንያ ሴንሰሩን ማምረት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1976 ሲሆን፣ በመጀመሪያ የገጠመውም የስዊድኑ ቮልቮ ለአሜሪካ ገበያ ባዘጋጃቸው መኪኖች ላይ ነበር።

የሴንሰሩ ልብ ከዚርኮኒያ የተሠራ፣ የጣት ጫፍ የሚመስል የሸክላ ክዳን ነው። ይህ ሸክላ ከ300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲሞቅ የኦክስጅን አዮኖችን ያስተላልፋል። አንደኛው ገጹ ጭሱን፣ ሌላው ገጹ የውጪውን አየር ይነካል። በሁለቱ ገጾች የኦክስጅን መጠን መካከል ልዩነት ሲኖር የኤሌክትሪክ ቮልቴጅ ይፈጠራል። ልኩም የ1920 የኬሚስትሪ ኖቤል ተሸላሚ በሆነው በቫልተር ኔርንስት ስም በሚጠራው ቀመር ይሰላል። ለምሳሌ ሴንሰሩ 600 ዲግሪ ላይ ሳለ በጭሱ ውስጥ 1 በመቶ ኦክስጅን ቢተርፍ የሚገኘው ቮልቴጅ 0.06 ቮልት ገደማ ብቻ ነው። ቤንዚን በዝቶ ኦክስጅኑ ፈጽሞ ሲሟጠጥ ግን ቮልቴጁ ወደ 0.8 እና 0.9 ቮልት ይዘልላል። የሞተሩ ኮምፒዩተር ይህን መዝለል እየተከታተለ የሚረጨውን ቤንዚን ይቀንሳል ወይም ይጨምራል።

ደጋው ለሴንሰሩ ምን ያደርገዋል?

አንዳንድ ሰዎች «በደጋ አገር ኦክስጅን ስለሚያንስ ሴንሰሩ ይሳሳታል» ሲሉ ይሰማል። ይህ አባባል በሳይንስ ሲመዘን አይጸናም። በ3000 ሜትር ከፍታ የአየር ግፊት በባሕር ወለል ካለው ወደ 70 በመቶ ይወርዳል፤ የኦክስጅን ድርሻ ግን እዚያም እዚህም 20.9 በመቶ ነው። ሴንሰሩ የሚለካው የሁለቱን ገጾች ንጽጽር እንጂ ፍጹም መጠንን አይደለም። የውጪው አየርም ሆነ ጭሱ በአንድነት ስለሚሳሱ ንጽጽሩ አይናወጥም። ቤንዚን በበዛበት በኩል የሚደርሰው የቮልቴጅ ለውጥም ቢሰላ ከ0.01 ቮልት ያንሳል።

እንዲያውም ሴንሰሩ ይበልጥ የሚጠቅመው በደጋ ነው ብንል ማጋነን አይሆንም። ለባሕር ወለል የተስተካከለ አሮጌ ካርቡራተር ወደ 3000 ሜትር ሲወጣ፣ አየሩ በመሳሳቱ ምክንያት፣ ድብልቁን በ15 በመቶ ገደማ ቤንዚን ያበዛበታል። ዘመናዊው ሞተር ግን ከፍታውን በግፊት ወይም በአየር መጠን መለኪያው ይገምታል፤ የኦክስጅን ሴንሰሩ ደግሞ ግምቱን በጭሱ ያረጋግጣል። ከቀየት ተነሥቶ ወደ ጃማ ወንዝ ሸለቆ የሚወርድ፣ ተመልሶም ወደ አምባው የሚወጣ መኪና በአንድ ቀን ውስጥ ብዙ ዓይነት አየር ይተነፍሳል። በየደረጃው የሚያስተካክለው ሴንሰር ከሌለ ኪሳራው የነዳጅም የጤናም ነው።

በአገራችን ሌላም ምክንያት አለ። እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ በአዲስ አበባ 5 በመቶ፣ ከ2011 ጀምሮ ደግሞ 10 በመቶ ኢታኖል ከቤንዚን ጋር ተቀላቅሎ ይሸጥ ነበር። ኢታኖል በውስጡ ኦክስጅን ስለያዘ የሚፈልገው አየር ያንሳል። ሾፌሩ ምንም ሳያውቅ ልዩነቱን ያካክስ የነበረው ይኸው ሴንሰር ነው። እርሳስ ያለበት ቤንዚን ሴንሰሩን ስለሚመርዘው በቀድሞው ጊዜ ዕድሜው አጭር መሆኑ አይቀርም ነበር። ከሰሃራ በስተ ደቡብ ያሉ አገሮች እ.ኤ.አ. በ2006 መባቻ እርሳስ ያለበትን ቤንዚን መሸጥ ካቆሙ ወዲህ ግን ይህ ሰበብ ቀርቷል። በ2021 ከአልጄሪያ ገበያ ሲወጣም ከመላው ዓለም የመኪና ነዳጅ ጠፍቷል።

ከመፍታት በፊት መለካት

መሣሪያ መምረጥ የሚጀምረው ከቁልፍ አይደለም። የማስጠንቀቂያ መብራት መብራቱ ብቻውን «ሴንሰሩ ሞቷል» ማለት አይደለም። የተቀደደ የጭስ ቱቦ፣ የተበላሸ ካንዴላ ወይም የተዘጋ የቤንዚን መርጫ ሴንሰሩ እውነቱን እየተናገረ ሳለ እንደ ውሸታም ሊያስቆጥሩት ይችላሉ። ስለዚህ የመጀመሪያው መሣሪያ በየኤሌክትሪክ ሱቁ የሚገኘው መልቲሜትር ነው። ባለ አራት ሽቦ ሴንሰር በውስጡ ማሞቂያ ስላለው የሁለቱ የማሞቂያ ሽቦዎች ተቃውሞ ጥቂት ኦም መሆን አለበት፤ ተቃውሞው ወሰን የለሽ ከሆነ ማሞቂያው ተበጥሷል ማለት ነው። ሞተሩ ሞቆ እየሠራ ሳለ ደግሞ በተለመደው ዓይነት ሴንሰር የምልክት ሽቦው ላይ ቮልቴጁ ከ0.1 እስከ 0.9 ባለው ክልል ከፍ ዝቅ ማለት ይኖርበታል። ይህን ሳይለኩ ቁልፍ ማንሣት ጤነኛውን ጥርስ እንደ መንቀል ነው።

እዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ እንጨምራለን። በመንዝ ብርድ ምክንያት በር ዘግቶ ሞተር ማስነሣት ያጓጓ ይሆናል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ በተዘጋ ቤት ውስጥ ይገድላል። ሞተር የሚሞቀው በሩ ተከፍቶ ወይም ውጪ ነው።

የትኛው ቁልፍ ለየትኛው ሁኔታ?

አብዛኞቹ ሴንሰሮች ጥርሳቸው 18 ሚሊ ሜትር ውፍረትና 1.5 ሚሊ ሜትር እርምጃ ያለው ሲሆን፣ የሚጨበጠው ስድስት ማዕዘናቸው ስፋት 22 ሚሊ ሜትር ነው። በአንዳንድ የቶዮታ ሞተሮች ላይ ግን ሴንሰሩ ራሱ አይጠመዘዝም፤ በሁለት ትናንሽ ዳዶዎች ነው የሚታሰረው። ለእነዚህ የ22 ቁልፍ ምንም አይፈይድም፤ የሚያስፈልገው ለዳዶው የሚስማማ ረጅም ቡሶላ ነው። ስለዚህ ወደ ገበያ ከመሄድ በፊት ከመኪናው ሥር ገብቶ ማየት ይቀድማል።

ጥርስ ላለው ሴንሰር ምርጫው በአንድ ጥያቄ ይወሰናል፦ የሚወጣው ሴንሰር ይጣላል ወይስ ተመልሶ ይገባል?

የሚጣል ከሆነ ሽቦውን ቆርጦ ሙሉ ክብ የሆነ ባለ ስድስት ማዕዘን ረጅም ቡሶላ ወይም የ22 ቀለበት ቁልፍ መጠቀም ከሁሉ ይሻላል። ባለ ስድስት ማዕዘኑ የሴንሰሩን ጎኖች በሰፊው ስለሚገፋ ማዕዘኑን አይልጥም። ባለ አሥራ ሁለቱ ግን የሚይዘው ወደ ማዕዘኑ ጫፍ ተጠግቶ ስለሆነ የዛገና የተበላ ብረትን በቀላሉ ያሾልካል። ሽቦው የሚቆረጠው ግን አዲሱ ሴንሰር በእጅ መኖሩና ሶኬቱም ከመኪናው ጋር መግጠሙ ከተረጋገጠ በኋላ ብቻ ነው። ከቀየት እስከ አዲስ አበባ ያለውን መንገድ የሚያውቅ ሰው የዚህን ምክር ዋጋ ይረዳዋል።

ተመልሶ የሚገባ ከሆነ ሽቦው መቆረጥ ስለሌለበት ጎኑ የተሰነጠቀ ልዩ ቡሶላ ያስፈልጋል። ሽቦው በስንጥቁ በኩል ይወጣል። ይህ መሣሪያ በዓለም ሁሉ «የኦክስጅን ሴንሰር ቡሶላ» እየተባለ የሚሸጠው ነው። ብዙ ሰዎች ይህን ብቻ ገዝተው ሁሉንም ሥራ ሊሠሩበት ይሞክራሉ። ሆኖም ስንጥቁ የራሱ ድክመት አለው።

ቦታው ጠቦ ቡሶላ ከነእጀታው የማይገባ ከሆነ ደግሞ የቁራ እግር የሚመስለው አጭር ቁልፍ ይመረጣል። ይህ ቁልፍ ሴንሰሩን ከጎን ያቅፈዋል፤ እጀታውም ወደ ጎን ራቅ ብሎ ይሰካል።

የወረቀት ጥቅል ሙከራ

የተሰነጠቀው ቡሶላ ድክመቱ ምን እንደሆነ ለመረዳት ጋራዥ መሄድ አያስፈልግም። ሁለት ወረቀቶችን እንደ ቱቦ እንጠቅልል። የአንደኛውን መገጣጠሚያ ከጫፍ እስከ ጫፍ በፕላስተር እንለጥፍ፤ የሌላውን ክፍት እንተው። አሁን ሁለቱንም በሁለት እጃችን ይዘን በተቃራኒ አቅጣጫ እንጠምዝዛቸው። የተለጠፈው አጥብቆ ይቃወማል፤ ክፍቱ ግን ያለ ምንም ችግር ይጠማዘዛል። ወረቀቱ አንድ፣ ውፍረቱም አንድ ሆኖ ሳለ ልዩነቱን ያመጣው ስንጥቁ ብቻ ነው።

መካኒክስ ይህን በቁጥር ይገልጸዋል። ቀጭን ግድግዳ ያለው ዝግ ቱቦ መጠምዘዝን የመቋቋም ጥንካሬው ከክፍቱ ጋር ሲነጻጸር፣ የቱቦው ሬዲየስ ለግድግዳው ውፍረት ተካፍሎ፣ ውጤቱ በራሱ ተባዝቶ፣ እንደገና በ3 ሲባዛ የሚገኘውን ያህል እጥፍ ይበልጣል። ሬዲየሱ 14፣ ውፍረቱ 3.5 ሚሊ ሜትር ቢሆን ብልጫው 48 እጥፍ ይሆናል። እርግጥ ነው፣ የቡሶላው የላይኛው ጫፍ ዝግ ስለሆነ ድክመቱ በተግባር የዚህን ያህል አይከፋም። መሠረታዊው እውነት ግን አይለወጥም፦ የተሰነጠቀ ቡሶላ በብርቱ ሲጠመዘዝ አፉ ይከፈታል፤ አፉ ሲከፈት ማዕዘኑን ይልጣል። ስለሆነም ይህን መሣሪያ ለመግጠምና በቀላሉ ለሚፈታ ሴንሰር እንጂ ለዓመታት ዝጎ ለነከሰው አንመርጠውም። የምንገዛው ከሆነም ወፍራም ግድግዳ ያለውንና ስንጥቁ የሽቦውን ስፋት ብቻ የሚያህለውን እንምረጥ።

የነከሰ ሴንሰር ሲያጋጥም ትዕግሥትም እንደ መሣሪያ ይቆጠራል። ዝገት ሰርሳሪ ዘይት ረጭቶ ሰዓታት መጠበቅ፣ ከዚያም የሴንሰሩን አካል ሳይሆን የተሰካበትን ዙሪያ ብረት ማሞቅ ይጠቅማል። ዙሪያው ከውስጡ ቀድሞ ሲሰፋ ንክሻው ይላላል። ዘይቱ ተቀጣጣይ ስለሆነ ግን እሳት ከመቅረቡ በፊት በሚገባ መጠረግ አለበት፤ የቤንዚን ቱቦ በሚያልፍበት አጠገብም እሳት ጨርሶ አይነድም። ሴንሰሩ ጥቂት ከዞረ በኋላ ጉልበት ከመጨመር ይልቅ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እያመላለሱ ማውጣት ጥርሱን ከመቀደድ ያድነዋል። ቱቦ እጀታው ላይ አርዝሞ መስቀል ግን አደጋ አለው። 40 ኪሎ ግራም ያህል ኃይል በ1 ሜትር ርዝመት ላይ ቢያርፍ ወደ 400 ኒውተን ሜትር ይሆናል፤ ይህም ሴንሰሩ ከሚታሰርበት ልክ ስምንት እጥፍ ያህል ነው።

ማሰርም እንደ መፍታት ዕውቀት ይጠይቃል

ባለ 18 ሚሊ ሜትር ጥርስ ሴንሰር፣ እንደ መኪናው ዓይነት ቢለያይም፣ ብዙውን ጊዜ የሚታሰረው ከ40 እስከ 50 ኒውተን ሜትር በሆነ ቶርክ ነው። 45ን እንውሰድ። ይህ ቁጥር በ25 ሳንቲ ሜትር ቁልፍ ጫፍ ላይ 18 ኪሎ ግራም ያህል ከመጫን ጋር እኩል ነው። እጅ ሲታይ ትንሽ ይመስላል፤ በጥርሱ ውስጥ ሲቀየር ግን ከ12 ሺህ ኒውተን በላይ የመጨበጥ ኃይል ይሰጣል፤ ከ1 ቶን ክብደት በላይ ማለት ነው። ጥርሱ ዘይት ከተቀባ ፍትጊያው ስለሚቀንስ ያው 45 ኒውተን ሜትር ከዚህ ሲሶ ያህል የሚበልጥ ኃይል ሊፈጥር ይችላል። «እስኪበቃው አጥብቀው» የሚለው ትእዛዝ የማይበቃውም በዚህ ምክንያት ነው። የቶርክ መለኪያ ቁልፍ ያስፈልጋል።

የቁራ እግር ቁልፍ ሲጨመር ስሌቱ ይለወጣል። መለኪያው ቁልፍ 40 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፣ የቁራ እግሩ ደግሞ በዚያው አቅጣጫ 5 ሳንቲ ሜትር ቢያስረዝመው፣ ሴንሰሩ ላይ 45 ኒውተን ሜትር እንዲያርፍ መለኪያው 40 ላይ መሞላት አለበት፤ 45 በ40 ተባዝቶ ለ45 ሲካፈል 40 ይሆናልና። የቁራ እግሩ በ90 ዲግሪ ከተሰካ ግን ርዝመቱ የሚለወጠው ከ1 በመቶ ባነሰ መጠን ስለሆነ ማስተካከል አያስፈልግም። ይህ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ በደብተሩ ጥግ ሊሠራው የሚችል ስሌት ነው።

ከማሰር በፊት የቆሸሸውን ጥርስ ልኩ በሆነ የጥርስ ማጽጃ መሣሪያ ማጥራት ይገባል። በማጽጃው ላይ የሚቀባ ግሪስ ፍቅፋቂው ወደ ቱቦው እንዳይገባ ይይዘዋል። ጥርስ እንዳይነክስ የሚያደርገው የመዳብ ወይም የኒኬል ብናኝ ያለበት ቅባት የሚቀባው ጥርሱ ላይ ብቻ ነው፤ የሴንሰሩ አፍንጫ ላይ ከደረሰ ያበላሸዋል። አብዛኞቹ አዳዲስ ሴንሰሮች ተቀብተው ስለሚመጡ እንደገና መቀባት አያሻም። የሲሊኮን ማጣበቂያ ሴንሰሩን ስለሚመርዘው በአጠገቡ አይቀርብም። ሽቦውን በቆርቆሮ መበየድም አይመከርም፤ ብዙ ሴንሰሮች ለማነጻጸሪያ የሚያስፈልጋቸውን የውጪ አየር የሚያገኙት በሽቦው ውስጥ ባለው ክፍተት ነው። በመጨረሻም ሸክላው ተሰባሪ ስለሆነ ሲሚንቶ ላይ የወደቀን ሴንሰር አምኖ መግጠም፣ በአየር ግፊት በሚመታ መፍቻም ማሰር ተገቢ አይደለም።

የሚነሡ ተቃውሞዎች

ለዚህ ሐሳብ የሚቀርቡ ተቃውሞዎች አሉ፤ ንቀን የምናልፋቸው አይደሉም።

አንደኛው «መኪናው ያለ ሴንሰሩም ይሄዳል፤ ቀዳዳውን በብሎን መድፈን ይቀላል» የሚል ነው። መሄዱ እውነት ነው። ኮምፒዩተሩ ሴንሰሩን ሲያጣ አስቀድሞ በተሞላለት ግምት ይሠራል፤ ግምቱም ሞተሩን ላለመጉዳት ወደ ቤንዚን ማብዛት ያዘነብላል። ትርፉ ቤንዚን የጭስ ማጣሪያውን አግሎ ያቀልጠዋል፤ ሌላው ደግሞ በአየሩ ይበተናል። ዛሬ የተረፈው ገንዘብ በየነዳጅ ማደያው ተመልሶ ይከፈላል።

ሁለተኛው «ልምድ ያለው መካኒክ በአንድ ቀለበት ቁልፍ ሁሉን ይሠራል» የሚል ነው። ይህን በከፊል እንቀበላለን። ከላይ እንዳልነው ለሚጣል ሴንሰር የ22 ቀለበት ቁልፍ ከብዙ ውድ መሣሪያዎች ይበልጣል። በሶማሌ ተራም ሆነ በመርካቶ ሱቆች ያሸበረቀ ሣጥን ሙሉ መሣሪያ ገዝቶ አብዛኛውን ሳይነኩ ማስቀመጥም ብልኅነት አይደለም። ልምድ የማይተካው ነገር ቢኖር ግን ልኬት ነው። እጅ 45 ኒውተን ሜትርን ከ70 ለይቶ ሁልጊዜ አያውቅም፤ በተለይም በሥራ ቀን ማብቂያ ላይ፣ በብርድ የደነዘዘ እጅ።

ሦስተኛው ከሁሉም የሚከብደው ነው። «ዘመኑ የኤሌክትሪክ መኪና ነው፤ ስለ ጭስ ሴንሰር መጨነቅ ምን ይጠቅማል?» ይባላል። በእርግጥም መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በኤሌክትሪክ የማይሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታውቋል። ከዚያም አስቀድሞ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪኖች ላይ ከባድ ቀረጥ ጥሎ ነበር። ሆኖም ከእነዚህ እርምጃዎች የሚከተለው ድምዳሜ ተቃራኒው ይመስለናል። ምትክ የማይገባለት የቤንዚን መኪና ባለቤቱ ዕድሜውን ያረዝመዋል እንጂ አይጥለውም። የኃይል መሙያ ጣቢያ ከከተማ ርቆ እስኪስፋፋ ድረስ በገጠሩ መንገድ ላይ ለዓመታት የሚመላለሱት እነዚሁ ያሉን መኪኖች ናቸው። ስለዚህ የጥገና ዕውቀት ዛሬ ካለፈው ጊዜ ይልቅ ያስፈልገናል።

ምን ይደረግ?

በእኛ አስተያየት አንድ አነስተኛ ጋራዥ የሚያስፈልጉት አምስት ነገሮች ብቻ ናቸው፦ መልቲሜትር፣ ጥራት ያለው የ22 ቀለበት ቁልፍ ወይም ዝግ ረጅም ቡሶላ፣ አንድ የተሰነጠቀ ቡሶላ፣ የ18 በ1.5 ጥርስ ማጽጃ፣ እንዲሁም የቶርክ መለኪያ ቁልፍ። የቁራ እግሩ ቦታ ለሚጠብባቸው ሞተሮች ስድስተኛ ሆኖ ሊጨመር ይችላል። ከእነዚህ መካከል በየቀኑ የማይፈለጉትን፣ በተለይም የጥርስ ማጽጃውንና የቶርክ መለኪያውን፣ እያንዳንዱ ጋራዥ ለየብቻው መግዛት የለበትም። በደብረ ብርሃንም ሆነ በመሐል ሜዳ ያሉ ጋራዦች በጋራ ገዝተው በተራ ሊጠቀሙባቸው ይችላሉ። ይህ ለመንዝ ሰው እንግዳ ሐሳብ አይደለም። የጓሳን ሣር ሲዘጋ ማንም እንዳያጭደው፣ ሲከፈት ባለድርሻ ሁሉ እንዲያጭደው በጋራ ደንብ ለዘመናት ጠብቆ ያቆየ ሕዝብ አምስት የብረት ዕቃዎችን በደንብ መጠበቅ አይሳነውም።

የቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛዎችም ሠልጣኞችን የሚፈትኑት ሴንሰሩን አወጣ አላወጣ ብለው ብቻ ሳይሆን፣ የትኛውን ቁልፍ ለምን እንደ መረጠም ጠይቀው ቢሆን መልካም ነው። መልሱን በቃል የሚያስረዳ ሠልጣኝ ያላየው ዓይነት ሞተር ሲመጣበት አይደናገርም።

የመጨረሻውን ነቀፌታ ግን ወደ ራሳችን እንመልሰዋለን። እኛ በሳይንስ ፋኩልቲ ያለን ሰዎች ቶርክን ስናስተምር ብዙውን ጊዜ በጥቁር ሰሌዳ ላይ የተሣለ ሚዛን እናሳያለን፤ የኔርንስትን ቀመር ስናስተምር በብርጭቆ ውስጥ ያለ የመዳብና የዚንክ ዘንግ እንሥላለን። ሁለቱም ትክክል ናቸው። ነገር ግን በአንዲት አሮጌ መኪና የጭስ ቱቦ ላይ ሁለቱ ቀመሮች በአንድ ዕቃ ተገናኝተው ይገኛሉ፤ አንደኛው ሴንሰሩ እንዴት እንደሚናገር፣ ሌላው እንዴት እንደሚታሰር ይነግረናል። የተቃጠለ ሴንሰር ከጋራዥ ለምኖ ወደ ክፍል ይዞ መግባት ምንም ወጪ የለውም። ከቀየት የመጣ ተማሪ ያንን ዕቃ በእጁ ይዞ ትምህርቱን ቢሰማ፣ ለዕረፍት ወደ አገሩ ሲመለስ ለመካኒኩ የሚነግረው ነገር ይኖረዋል፤ ከመካኒኩ የሚማረውም እንዲሁ ብዙ ነው። ያቺ በጋራዥ የቆመች መኪና ያስፈለጋት የሁለቱ መገናኘት ነበር።